የፈሪው ሾፌር አምላክ

አያ ተገኘ ማረፋቸውን የሰማሁት ክፍል ውስጥ ቆሜ ሳስተምር ነው። የትምህርት ቤታችን ዘበኛ በሩን ገፋ አድርጎ «መምህርት፣ ካሴ የሚባል ሰው ደጅ ቆሞ ይፈልግዎታል» አለኝ። ካሴ የአያ ተገኘ ረዳት የነበረ፣ ኋላ ግን የራሱን ማኪና መንዳት የጀመረ ጎልማሳ ነው። ስወጣ ባርኔጣውን አውልቆ በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል። ፊቱን ሳየው ገባኝ።

«የት ላይ ነው የወደቁት?» አልኩት።

«አልወደቁም» አለኝ። «አልጋቸው ላይ ናቸው። ማታ ራታቸውን በልተው፣ ጸሎታቸውን አድርሰው ተኙ። ጧት ቢቀሰቅሷቸው የሉም።»

ማመን አቃተኝ። ሃያ ዓመት ያህል፣ ክረምት በገባ ቁጥር፣ ይህን መርዶ ስጠብቅ ኖሬያለሁ፤ የጠበቅሁት ግን ከሊማሊሞ ገደል ነበር። እንደ ማንም ሰው ከአልጋቸው ላይ ይሄዳሉ ብዬ አስቤ አላውቅም። እዚያው ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩና እንደ ልጅ አለቀስኩ። ተማሪዎቼ በመስኮት ያዩኝ ነበር።

ከጎንደር ወደ አዲ አርቃይ የሚመላለሱ ሾፌሮች «ፈሪው ተገኘ» ነበር የሚሏቸው። ስድብ ነው። እሳቸው ግን ስሙን ሲሰሙ አይቆጡም፤ ባርኔጣቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው «እውነታቸውን ነው» ይላሉ። አጭር፣ ደረተ ሰፊ ሰው ነበሩ። መሪ ሲይዙ ጣቶቻቸው ይንቀጠቀጣሉ። ያንን መንቀጥቀጥ መጀመሪያ ያየሁ ቀን ከማኪናው ልወርድ ምንም አልቀረኝም።

የሃያ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ጣልያን ከወጣ አሥር ዓመት አልፎታል። የመምህርነት ትምህርቴን ጨርሼ አዲ አርቃይ ተመደብኩ፤ ያን ጊዜ ለሴት ልጅ ይህ ጉድ የሚያሰኝ ነገር ነው። አባቴ በአንዱ የጎንደር ደብር መሪጌታ ነበር። የእግዚአብሔርን ስም ሲያነሣ ድምፁ ይወፍራል፤ ቤታችን ውስጥ ሳሕን ቢሰበር እንኳ በሰማይ የሚጻፍ ይመስለኝ ነበር። ያደግሁት እንደዚያ ነው፤ እግዚአብሔርን ብትር ይዞ በር ላይ እንደቆመ ዳኛ እያየሁ።

አባቴ ራሱ ፒያሳ ድረስ ሸኘኝ። ማኪናው ጣልያን ጥሎት የሄደ አሮጌ ነው፤ ከላይ በሸራ የተሸፈነ ጭነት፣ ከጭነቱ ላይ ሰው። እኔን ጋቢና ውስጥ አስቀመጡኝ።

«ተገኘ፣ ልጄን አደራ። በሰላም እንደምታደርሳት ማልልኝ» አለ አባቴ።

«አልምልልዎትም፣ መሪጌታ» አሉ አያ ተገኘ። «የምችለውን አደርጋለሁ። እጄን እንደሚያዩት ነው። ግን ብቻችንን አንሄድም።»

አባቴ ደስ አላለውም። እኔ ደግሞ የባሰ ፈራሁ።

ኮሶዬ ስንደርስ ሰው ሁሉ ወርዶ በላ፤ እሳቸው አልቀመሱም። «ከዚህ ወዲያ ሆዴ አይቀበልም» አሉኝ። ደባርቅ ላይ ከመንገዱ ዳር አንዲት ትንሽ ቤት ፊት አቁመው ገቡ፤ ትንሽ ቆዩና ወጡ። ከዚያ ሊማሊሞ መጣ። መንገዱ ገደሉ ጎን ላይ ተጭሮ የተሠራ ነው፤ አንዱን ኩርባ ስትጨርሱ ቀድሞ ያለፋችሁበትን ከራሳችሁ በላይ ተንጠልጥሎ ታዩታላችሁ። ከታች ጭጋግ ነው። ጭጋጉ ሲገለጥ ደግሞ ባልተገለጠ ያሰኛል።

ከኩርባዎቹ በአንዱ ላይ አቆሙ። ካሴ ዘሎ ወርዶ ታኮውን፣ ጎማ የሚደገፍበትን እንጨት፣ ከጎማው ሥር ሻጠ። አያ ተገኘ ጫማቸውን አውልቀው፣ ባርኔጣቸውን ይዘው፣ ወደ ገደሉ ዞረው ቆሙ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ተመልሰው ሲገቡ ፊታቸው በላብ ተጠምቋል።

«ምነው አያ ተገኘ፣ ማኪናው ተበላሸ?» አልኳቸው።

«የለም። የተበላሸሁስ እኔ ነኝ።»

«ይፈራሉ እንዴ?»

«በጣም።»

«ሾፌር ሆነው?»

መሪውን ይዘው ወደ ፊት እያዩ «ፈሪ ነኝ፣ ልጄ» አሉኝ። «እላይ ያለው ግን ፈሪንም ይወዳል።» ከዚያም ባርኔጣቸውን ጭኔ ላይ አስቀመጡና «ይህን ያዥልኝ። ነፋስ እንዳይወስደው በሁለት እጅሽ» አሉኝ።

መስኮቱ ተዘግቶ ነበር፤ ነፋስ የሚባል የለም። አዲ አርቃይ እስክንደርስ ግን ባርኔጣውን ጨብጬ ያዝኩ። ኋላ እንዳየሁት ለፈራ ሰው ሁሉ አንድ የሚይዘው ነገር ይሰጡ ነበር። ለአንዱ ባርኔጣ፣ ለአንዱ የመፍቻ ቦርሳ፣ ለአንዲት ሙሽራ የራሷን ጫማ። «እጅ ሥራ ሲይዝ ልብም ትንሽ ይረጋል» ይላሉ።

አንድ ጊዜ ከጭነቱ ላይ የነበረ ወታደር ኩርባው ላይ ጮኾ አለቀሰ። ትልቅ ሰው ነው፣ ሪዝ ያለው። ሌሎቹ ሳቁበት። አያ ተገኘ ማኪናውን አቁመው ወረዱና ቀና ብለው «የሚስቅ ሰው ይውረድ፤ ቀሪውን በእግሩ ይሂድ» አሉ። ወታደሩን ጋቢና አስገብተው፣ እኔን ወደ ጥግ አስጠጉኝ። ሰውዬው እስከ ዛሪማ ቀና ሳይል ሄደ። ሲወርድ እጃቸውን ሳመ።

የዚያችን የደባርቅ ቤት ነገር ያወቅሁት በሦስተኛው ዓመት ነው። ያን ጊዜ አንድ የአዲ አርቃይ መምህር አግብቼ የሺን አርግዣለሁ። ደባርቅ ላይ ማኪናው ተበላሽቶ እዚያች ትንሽ ቤት እንድናርፍ ሆነ። የቤቱ ባለቤት እማሆይ አለሚቱ የሚባሉ መነኩሲት ናቸው። አያ ተገኘን «ልጄ» ይሏቸዋል፤ ሲገቡ ጉንጫቸውን ይዳብሷቸዋል። እማሆይ ለውኃ ሲወጡ ጠብቄ አያ ተገኘን ጠየቅኋቸው።

«እናትዎ ናቸው?»

«የለም» አሉኝ። «ልጃቸውን የገደልኩባቸው ነኝ።»

ደነገጥኩ። እሳቸው ግን መናገር ከጀመሩ አላቆሙም፤ ዓይናቸውን ከምድጃው ላይ ሳያነሡ፣ ቀስ ብለው ነገሩኝ።

«መሪ ከያዝኩ በሁለተኛው ዓመቴ ነው። ቁልቁል ስወርድ ፍሬኑ እምቢ አለኝ። ጭነቱ ላይ አራት ሰው ነበር፤ አንደኛው የእማሆይ ልጅ። ሰው ሁሉ ‹ተገኘን ማኪናው ወርውሮት ተረፈ› ነው የሚል። አልወረወረኝም። መሪውን ለቅቄ፣ በሩን ከፍቼ ዘለልኩ። መሬት ላይ ተኝቼ ነው ሲሄዱ ያየኋቸው።»

እኔ ያደግሁበት ቤት ውስጥ ለእንዲህ ያለ ነገር አንድ መልስ ብቻ ነበር፤ ያን መልስ ደግሞ አፌ ላይ ማምጣት አልቻልኩም።

«ለንስሐ አባቴ ተናገርኩ» አሉ። «ጾሙን ጾምኩ፣ ስግደቱን ሰገድኩ። ስግደቱ አለቀ፤ ፍርሃቱ አላለቀም። እግዚአብሔር ፊቱን ያዞረብኝ ይመስለኝ ነበር። በመጨረሻ ወደዚህ ቤት መጣሁ። ቢገድሉኝም ይግደሉኝ ብዬ። ‹እማማ፣ ዘልዬ ነው የተረፍኩት› አልኳቸው። ‹ልጄ ሲወድቅ ድምፅ አሰማ?› አሉኝ። ‹አዎ› አልኩ። ‹ማንን ጠራ?› ‹እናቴን አለ።› ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። እርግማኑን እጠብቃለሁ፤ አይመጣም። ብዙ ቆይተው ተነሡና የእጅ ውኃ ይዘው መጡ። አስታጠቡኝ። ‹የልጄን ድምፅ መጨረሻ የሰማህ አንተ ነህና ሳታየኝ አትለፍ› አሉኝ።»

ወደ እኔ ዞሩ።

«ይቅር በለኝ ብዬ ስንት ዓመት ለምኜዋለሁ። ይቅር ማለቱን ያወቅሁት ግን ያ ውኃ እጄ ላይ ሲፈስ ነው።»

ኩርባው ላይ የሚቆሙት ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። መንገደኛው ሁሉ በሰላም አሳልፈን ብለው የሚለምኑ ይመስለው ነበር። አራቱን ሰዎች በየስማቸው ነበር የሚጠሩት።

አሁን የራሴን መናገር አለብኝ። ያለዚያ እኚህ ሰው ለምን እንደማይረሱኝ ማንም አይገባውም።

የሺ ዓመት ከስድስት ወር ሲሆናት፣ ነሐሴ ላይ፣ ወባ ያዛት። ባለቤቴ ለክረምት ትምህርት አዲስ አበባ ሄዷል። የአዲ አርቃይ ድሬሰር ያለውን መድኃኒት ሁሉ ሰጣት፤ ትኩሳቱ አልወርድ አለ። በአራተኛው ቀን ዓይኗን መግለጥ ተወች። ድሬሰሩ ወደ ውጭ ጠርቶኝ «ጎንደር ሐኪም ቤት ካልደረሰች እኔ ከዚህ በላይ አልችልም» አለኝ።

በዚያ ዝናብ የሚወጣ ማኪና አልነበረም። አንዱ ሾፌር አሻፈረኝ አለ፤ ሌላው መንገዱ ተንዷል አለ። አያ ተገኘ ቤቴ ድረስ መጡ። ልጅቱን ጎንበስ ብለው አዩዋት፤ የእጃቸውን ጀርባ ግንባሯ ላይ አደረጉ። እጃቸው እንደ ሁልጊዜው ይንቀጠቀጣል።

«መንገዱ እንዴት ነው?» አልኳቸው።

«መጥፎ ነው።»

«እንደርሳለን?»

«አላውቅም፣ ልጄ። ተነሺ፣ እንሂድ።»

ሰሊጥ ጭነው ነበር። ጭነቱ ላይ ሰው አላስወጡም፤ ጋቢና ውስጥ እሳቸው፣ እኔና የሺ፣ ከኋላ ካሴ ብቻ። ሽቅቡን ስንጀምር ጭጋጉ መስተዋቱ ላይ ተለጠፈ። ከአፍንጫችን ወዲያ አይታይም። በእሳቸው በኩል ገደል ነው፤ በእኔ በኩል የተቆረጠው ግድግዳና ውኃ የሚወርድበት ቦይ። የሺን ይዤ ክንዴ ዝሎ ስለነበር በጋቢ ጠቅልዬ ወንበሩ ላይ፣ በሁለታችን መካከል አስተኛኋት። ትንፋሿ አጭር አጭር ነው። እሷን እሰማለሁ፣ ሞተሩን እሰማለሁ። በልቤ «ኃጢአቴን በእሷ ላይ አታድርገው» እያልኩ እለምናለሁ። የትኛውን ኃጢአት እንደሆነ እኔም አላውቅም፤ ብቻ ብትር የያዘው ዳኛ መጥቶ ደጄ ላይ የቆመ መሰለኝ።

አንዱ ኩርባ ላይ ሞተሩ ጠፋ።

ማኪናው ለአፍታ ቀጥ አለ። ከዚያ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረ። አያ ተገኘ ፍሬኑን ረገጡ፤ ጎማው ግን ጭቃው ላይ ነበርና አልያዘም። የእጅ ፍሬኑን ሳቡ። «ታኮ! ካሴ፣ ታኮ!» ብለው ጮኹ። ካሴ ዘሎ ሲወርድ ሰማሁ፤ ታኮው ሲሻጥ፣ ከዚያ ጭቃው ውስጥ ሲሰጥም። ማኪናው ፍጥነት ጨመረ።

ያን ጊዜ ያሰብኩት ነገር የለም። ብዙ ጊዜ ፈልጌዋለሁ፤ የለም። እጄ በሩን ሲከፍት ብቻ አየሁት፣ የሌላ ሰው እጅ እንደማይ። ዘለልኩ። ቦዩ ውስጥ በጉልበቴ ወደቅሁ። የማኪናው አፍንጫ በአጠገቤ ወደ ኋላ ሲያልፍ በመስተዋቱ አያ ተገኘን አየኋቸው። አንድ እጃቸው መሪው ላይ ነው። ሌላው ወንበሩ ላይ፣ ልጄን ይዟል።

ልጄን ትቼ ዘልያለሁ።

ጭጋጉ ዋጣቸው። ከዚያ ትልቅ ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ ምንም።

ሮጥኩ። ምን ያህል እንደሮጥኩ አላውቅም። አያ ተገኘ መሪውን አጥፈው የማኪናውን ቂጥ ሆነ ብለው ከግድግዳው ጋር አላትመውት ኖሯል። የኋላው ተጨማዷል፤ ሰሊጡ ከተቀደደው ከረጢት ቦዩ ውስጥ ይፈሳል። የፊተኛው ጎማ ከገደሉ አፍ አንድ እርምጃ አይርቅም። እሳቸው መሪው ላይ ተደፍተዋል። የሺ ክንዳቸው ውስጥ ታለቅሳለች። አራት ቀን ሙሉ ድምፅ ያልነበራት ልጅ ትጮኻለች።

ካሴ ደረሰ። ከላይ እስከ ታች ጭቃ ለብሶ እኔን አየ፤ ልጅቱን አየ፤ እንደገና እኔን አየ። «አንቺ... ወርደሽ ነበር እንዴ?» አለኝ።

አያ ተገኘ ከመሪው ላይ ቀና ሳይሉ «እኔ ነኝ ውረጂ ያልኳት» አሉት። «መንገዱን እንድታይልኝ። አሁን ልጅቱን ተቀበለኝ።»

ከዚያ እስከ ደባርቅ በእግራችን ወጣን። የአያ ተገኘ ጎን ተሰብሯል፤ በየመቶ እርምጃው ይቆማሉ። የሺን ካሴ ተሸክሟታል። እኔ ከኋላ እሄዳለሁ። «ስጠኝ» ማለት አቃተኝ። እናት ነኝ፤ ልጄ ከፊቴ በሰው ጀርባ ላይ ታለቅሳለች፤ እኔ ግን እጄን መዘርጋት ፈራሁ። እጄን አየዋለሁ። በሩን የከፈተው ይኸው እጅ ነው እላለሁ። ዝናቡ ላዬ ላይ ይወርዳል። ካሴ አንድ ሁለት ጊዜ ዞር ብሎ አየኝ።

እማሆይ አለሚቱ ቤት የደረስነው ሊመሽ ሲል ነው። እማሆይ እሳት አነደዱ፣ የአያ ተገኘን ጎን በመቀነት አሰሩ። የሺ ማልቀሷን አላቆመችም። እማሆይ አንሥተው ወደ እኔ አመጧትና «ጡት ስጫት እንጂ፣ ልጄ። ምነው?» አሉኝ።

«አልችልም» አልኩ።

«ወተቱ ደረቀ?»

«አይደለም። አልነካትም። እኔ አልነካትም።» እጄን ከኋላዬ ደበቅሁ። እማሆይ ግራ ገብቷቸው ቆሙ። ካሴ ለማኪናው ጠባቂ ሊፈልግ ወጥቷል።

አያ ተገኘ መደብ ላይ እንደተጋደሙ «እማሆይ፣ ልጅቱን እዚህ ይስጡኝ። እርስዎም ይቀመጡ» አሉ። ደረታቸው ላይ አስተኟት። ከዚያ ለእኔ «ወደዚህ ነዪ» አሉኝ። ሄድኩ። መሬት ላይ ተንበረከኩ።

«ዘለልኩ» አልኳቸው።

«አይቻለሁ።»

«ትቻት ዘለልኩ። እርስዎ ግን ቀሩ።»

«አዳምጪኝ» አሉኝ። ለመናገር ጎናቸው ያማቸዋል፤ ቃሉን እየቆራረጡ ነው የሚያወጡት። «ጎበዝ ሆኜ የቀረሁ እንዳይመስልሽ። በእኔ በኩል ያለው በር ገደል ነበር። መሬት ቢሆን ኖሮ እንጃ። እውነት እልሻለሁ፣ እንጃ። ያኔ የፈራሁትን ያህል ዛሬም ፈርቻለሁ።»

«እግዚአብሔር ግን ያያል...»

«አዎ ያያል። እኔም ስዘል አይቶኛል። ያን ቀን ነው የወደደኝ፣ ልጄ። ዛሬ አይደለም። መሬት ላይ ተኝቼ አራት ሰው ሲሞት በማይበት ሰዓት ነው የወደደኝ። እስክጎብዝ ቢጠብቀኝ ኖሮ እስካሁንም እየጠበቀ ነበር።»

እማሆይ ነገሩ ገባቸው። ከመቀመጫቸው ተነሡ። በዚህች ቤት እንዲህ ያለ ቃል ቀድሞ የሰሙ ናቸውና ምንም አልጠየቁኝም። ከኋላዬ መጥተው ትከሻዬን ያዙ። እጃቸው ከባድና ሙቅ ነበር።

አያ ተገኘ የሺን ወደ እኔ ገፋ አደረጉ። «ያዣት» አሉኝ። «እየፈራሽ ያዣት።»

ያዝኳት። እየተንቀጠቀጥኩ ጡቴን አወጣሁላት። ያዘች። ትኩሳቷ ደረቴን አቃጠለኝ። ዳኛው ከደጄ የተነሣው ያን ጊዜ ነው ብል ውሸት ይሆናል፤ ቶሎ አልሄደም። ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን ለማየት ደፈርኩ፤ ብትሩን አጣሁበት።

በማግስቱ አንድ የእህል ማኪና አግኝተን ጎንደር ገባን። የሺ ዘጠኝ ቀን ሐኪም ቤት ተኛች። በስድስተኛው ቀን ትኩሳቱ ወረደ። አያ ተገኘ ጎናቸው እንደታሰረ በየቀኑ እየመጡ አልጋዋ ሥር ይቀመጡ ነበር። አንድ ቀን «ለምን ዋሹልኝ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ለካሴ ያሉትን ማለቴ ነው። «እሱን ለንስሐ አባቴ እነግራቸዋለሁ» አሉና ፈገግ አሉ። «ደግሞ ሌላ ስግደት ይጨምሩብኛል።»

አጥንታቸው ሲጠግን ወደዚያው መንገድ ተመለሱ። እኔም ከዓመታት በኋላ ወደ ጎንደር ተዛወርኩ። አንዳንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ እንገናኛለን። «እንዴት ነው፣ አሁንም ይፈራሉ?» እላቸዋለሁ። «እንደ ጉድ» ይሉኛል። «አንቺስ?» «እኔም።» ሰላምታችን ይኸው ነበር። አጠገባችን የቆመ ሰው ምን እንደምንባባል አይገባውም። እኔ ግን ሳምንቱን በዚያች ሰላምታ ነበር የምሰነብተው። የሺ ባመማት ቁጥር፣ ባለቤቴ በሞተ ጊዜ፣ ያ እጅ በእንቅልፌ እየመጣ በሩን ሲከፍትብኝ፣ «እየፈራሽ ያዣት» ያሉኝን እይዝ ነበር። ፍርሃቴ አልለቀቀኝም። ብቻዬን ግን አልነበርኩም።

የቀብራቸው ቀን ስንመለስ የሺን አስቀምጬ ነገርኳት። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ነርስነት ትማራለች። አያ ተገኘ ከሞት እንዳተረፏት ታውቃለች፤ እኔ የት እንደነበርኩ ግን አታውቅም። ያን ያህል ዓመት ያልነገርኳት የምታየኝን ዓይን ስለፈራሁ ነው። ጨርሼ መሬት መሬት አየሁ።

«ከቦዩ ስትነሺ ወደየት ሮጥሽ?» አለችኝ።

«ወደ አንቺ ነዋ። ወደየት እሮጣለሁ?»

ከዚያ ያልጠበቅሁትን ነገር አለችኝ። «እማዬ፣ ሾፌሮቹ ዛሬ መቃብሩ ላይ እንኳ ፈሪው ተገኘ ሲሉ ሰምቻለሁ። እስከ መቼ ነው እንዲህ የሚሏቸው? ያደረጉትን ከአንቺ በቀር የሚያውቅ የለም።»

በሦስተኛው ቀን ለሣልስቱ ሄድን። ድንኳኑ ሞልቷል፤ ግማሹ ሾፌር ነው። ለልጃቸው ለብርቄ ጆሮዋ ላይ «አንድ ነገር ልናገር ፍቀጂልኝ» አልኳት። ራሷን በእሺታ ነቀነቀች። ተነሥቼ ቆምኩ። ካሴ ከጥግ ሆኖ ቀና አለ።

የሳቸውን የቀድሞ ነገር አልነካሁም። እሱን ራሳቸው ለብርቄ ነግረዋት እንደነበር ያወቅሁት ኋላ ነው፤ ዛሬ እንድጽፈው የፈቀደችልኝም እሷ ናት። ያን ቀን የተናገርኩት የራሴን ብቻ ነው። ልጄን ወንበር ላይ ትቼ እንደዘለልኩ፤ አያ ተገኘ በአንድ እጃቸው መሪውን፣ በአንድ እጃቸው ልጄን እንደያዙ፤ ካሴ ሲጠይቀኝ እኔን ለመሸፈን «እኔ ነኝ ውረጂ ያልኳት» እንዳሉ፤ ለአሥራ ሰባት ዓመት ለማንም ሳይተነፍሱ እንደሞቱ። «ፈሪ ነኝ ይሉ ነበር» አልኩ። «እውነታቸውን ነው። ዓይኔ አይቷል። እየፈሩ ነው ልጄን የያዙልኝ።»

ጨረስኩ። ካሴ ፊቱን በባርኔጣው ሸፈነ። ሌላው ሰው ሁሉ እኔን ነው የሚያይ፤ ሴቶቹም ያዩኛል። ልጇን ትታ የዘለለች እናት። ይህን ዓይን ነበር ዕድሜዬን ሙሉ የሸሸሁት። እግሬ ወደ በሩ ሊወስደኝ ፈለገ።

ብርቄ ከቤተሰቡ መሐል ብድግ አለች። መጥታ ክንዴን ያዘችኝ። ይዛኝ ተመለሰችና ለአጎቷ ጠጋ እንዲል በእጇ አመልክታ፣ ከቤተሰቡ መሐል፣ ከጎኗ ቦታ ለቀቀችልኝ።

ተቀመጥኩ።